«ካቆምኩ መልሼ አልጀምረውም ብዬ ፈራሁ»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባንክ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። አምና ሐኪም ለካኝና «ግፊትሽ ከፍ ማለት ጀምሯል፤ መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት እስቲ ተንቀሳቀሺ» አለኝ። ከሰፈር ሰዎች ጋር ጠዋት ጠዋት መሮጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው ለመድረስ እንኳ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበር። አሁን ሳላቆም አርባ ደቂቃ እሮጣለሁ። ግፊቴም ወርዷል።

ከመስቀል ሁለት ቀን በፊት፣ ገና በደንብ ሳይነጋ፣ በኮብልስቶኑ ቁልቁለት ስንወርድ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ተጠማዘዘ። እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሰምታ ወጌሻ ይዛልኝ መጣች። በቅቤ አሽቶ፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ። ሳምንት ቆይቼ መራመድ ስችል ተመልሼ ወጣሁ። ከቡድናችን «አሰልጣኝ» እያልን የምንጠራው ሰው አለ። እውነተኛ አሰልጣኝ አይደለም፤ ፊሽካ ስላለው ነው። እሱ «ሲቀዘቅዝብሽ ነው የሚያምሽ፤ ስትሮጪበት ይፍታታል» አለኝ። እውነትም ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል። ከመውጣቴ በፊትም አንድ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ። ማታ ማታ ግን ቁርጭምጭሚቴ ያብጥና ጫማ አልገባ ይለኛል። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ገና ስጀምር «ደራርቱ ልትሆኚ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እግሬ ወለም ያለኝ ቀን ደግሞ «አላልኩሽም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንዳላነክስ እጠነቀቃለሁ። እሱ የዳነ ነው የሚመስለው።

በኅዳር ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ተመዝግቤያለሁ። ላልነገርኩት ሰው የለም። አንዷ ጓደኛዬ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ? አንቺ በጫማ አቃተሽ?» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ እርግፍ አድርገሽ ተዪው ትለኛለች። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ካቆምኩ መልሼ አልጀምረውም። ራሴን አውቀዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ በቀን ውስጥ የእኔ የምለው ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ምን ይሉኛል?

እግሯ ወለም ያላት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ እግር መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን እግሩ የመጣው ዘግይቶ እንደሆነ ገባኝ። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ፣ «እውነቱን ልንገርዎትና» ካልሽ በኋላ ያለው ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። እግሩ ግን ቀጠሮ ስለማይሰጥ ቅድሚያውን ለሱ እንስጠው።

እግር ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ በቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን ያሉት ጅማቶች ናቸው። አጥንትን ከአጥንት አያይዘው የሚይዙት። እነሱ ከልክ በላይ ተለጥጠዋል፤ ምናልባትም በከፊል ተበጥሰዋል። ቀለል ያለ ወለምታ በአንድ፣ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ይሻላል። መካከለኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ይህ ግን እረፍት ላገኘ እግር ነው። አንቺ ደግሞ ጅማቱ ገና ሊያያዝ ሲል በኮብልስቶን ላይ መልሰሽ ትለጥጪዋለሽ። ማታ የሚያብጠው ለዚህ ይመስለኛል።

«ስትሮጪበት ይፍታታል» የተባለው ነገር ግማሽ እውነት አለው። ሰውነት ሲሞቅ ደም በደንብ ይዘዋወራል፣ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ችግሩ፣ የተጎዳ እግር ዳኛው ያ ሰዓት አይደለም። ዳኛው ማታውና የሚቀጥለው ቀን ጠዋት ነው። ስትሮጪ ደህና ሆኖ ማታ ካበጠ፣ በማግስቱም ከአልጋ ስትወርጂ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ከከበዱሽ፣ እግሩ መልሱን ሰጥቶሻል። ፊሽካውን ለያዘው ወንድማችን ይህንን በፍቅር ንገሪልኝ።

አሁን ስለ ክኒኑ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ዳይክሎፌናክ ጅማት አያድንም፤ ሕመሙን ነው የሚቀንሰው። ሕመሙ ሲጠፋ ደግሞ እግርሽ መቼ «በቃ» እንዳለሽ አትሰሚም። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ይህ መድኃኒትና መሰሎቹ፣ አይቡፕሮፌን ጭምር፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ጨጓራንም ይጎዳሉ፤ ኩላሊትንም ያስቸግራሉ። አንቺ ሩጫ የጀመርሽው ግፊትሽን ለማውረድ አልነበር? ለመሮጥ ብለሽ ግፊት የሚጨምር ክኒን እየዋጥሽ ከሆነ ነገሩ ተገለባብጧል። ከመሮጥሽ በፊት የምትውጪውን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው። ሕመሙ ያለ ክኒን የማይቻል ከሆነ ይህንኑ ለሐኪም ንገሪው፤ ግፊት እንደነበረብሽም አትርሺ። በነገራችን ላይ ግፊትሽን ከተለካሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?

ስለ ወጌሻው ጠንከር ያለ ቃል አልናገርም። እናትሽ በፍቅር ነው ያመጡልሽ። በአገራችን ብዙ ሰው በወጌሻ እጅ እፎይ ብሏል። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያበጠ እግር ጠንከር ተደርጎ ሲታሽ እብጠቱ ሊብስ ይችላል። ያኔ የሚሻለው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ለአሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ እያስቀመጡ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። የደብረ ብርሃን ሰው በረዶ ፍለጋ ፍሪጅ የሚከፍት አይመስለኝም፤ የሌሊቱ የቧንቧ ውኃ ራሱ ይበቃል። ሁለተኛው፣ ጥብቅ ያለ ማሰሪያ ቀልድ አይደለም። ጣቶችሽ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እዚያው ወዲያው መፈታት አለበት። ደም ካልደረሰው እግር ሊጠፋ ይችላል። ይህንን ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ ነገ ለጎረቤት ልጅ ይጠቅማል።

ወጌሻ በእጁ የማያየው ነገር ደግሞ አለ። የተሰነጠቀ አጥንት። አሁን ደብዳቤውን አስቀምጪና እግርሽን ዳስሺው። በቁርጭምጭሚትሽ ግራና ቀኝ ጎላ ጎላ ያሉት አጥንቶች አሉ አይደል? ከኋላ ጠርዛቸውና ከታች ጫፋቸው ላይ ተጫኚ። ቀጥለሽ በእግርሽ ውጫዊ ጠርዝ፣ ከትንሿ ጣትና ከተረከዝ መሐል ጎላ ያለ አጥንት ታገኛለሽ። እሱንም ተጫኚው። ሕመሙ ለስላሳው ሥጋ ላይ ሳይሆን አጥንቱ ራሱ ላይ ከሆነ ራጅ መነሳት አለብሽ። አራት እርምጃ መራመድ የማይችል ሰውም እንደዚሁ። አንቺ ትራመጃለሽ፤ ያ ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ያለፈው እብጠት በዳሰሳ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። እዚያው ግፊትሽንም ተለኪ። በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ።

ጓደኛሽ አበበን ካነሳች ሙሉውን እናንሳው። የሸዋ ልጅ ነውና እናንተ አካባቢ ስሙ ቶሎ ቢነሳ አይገርመኝም። በ1960 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ብዙም ሳይቆይ ደግሞታል። እነዚህን ሁሉም ሰው ያውቃል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን እያመመው ነበር ሩጫ የጀመረው። 20 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበ አቋረጠ ብሎ ያቃለለው ሰው አለ? ታዲያ አንቺ በጠባሴ ኮብልስቶን ላይ ከማን ጋር ነው የምትፎካከሪው?

ይህን ስልሽ ከእናትሽ ጎን የቆምኩ እንዳይመስልሽ። «እርግፍ አድርገሽ ተዪው» የሚለውንም አልቀበለውም። ለእግርሽም ቢሆን ጥሩ አይደለም። ወለም ያለ እግር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይደክማል። መጠነኛ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። የማይፈልገው በጨለማ ቁልቁለት መውረድን ነው።

እንግዲህ ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ። «ካቆምኩ መልሼ አልጀምረውም» ብለሻል። እስቲ ልጠይቅሽ። የምትፈሪው ሩጫውን ማጣት ነው ወይስ ያቺን ሰዓት? ነገ ጠዋት ተነስተሽ ለብሰሽ ከወጣሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ከተሳሳቅሽ፣ ግን ሳትሮጪ ብትመለሺ የሚጎድልሽ ምንድን ነው? መልሱን እኔ አላውቅም። ከደብዳቤሽ የተረዳሁት ግን የሚያስለቅስሽ ሰዓቷ እንደሆነች ነው። ያለ ደንበኛ፣ ያለ ልጅ፣ ያለ «እማዬ ካልሲዬ የት አለ» የምታልፈው ሰዓት። እንዲያ ከሆነ እግርሽ ሰዓቷን አልነካብሽም። ሰዓቷን ያዣት፤ ውስጧ ያለውን ቀይሪ።

ማንቂያ ደወልሽን አትንኪው። በዚያው ሰዓት ተነሺ። የሩጫ ልብስሽን ልበሺ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ግን እቤት ውስጥ ሁኚ። ጥቅምት ነው፤ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ውርጩ መጀመሩ ነው፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ቀኝ እግርሽን አንሺና በአውራ ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ። ከሀ ጀምረሽ እስከምትችይው። ሀ ሁ ሂ ብለሽ ሰባቱንም ቤት ከሄድሽበት ቁርጭምጭሚቱ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ትንሹ ልጅሽ ካየሽ አብሮሽ ይጽፋል፤ ያው ሰዓቷ ትንሽ ተደፈረች ማለት ነው፤ ይቅር በይው። ከዚያ ግድግዳ ይዘሽ ተረከዝሽን ቀስ እያልሽ ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲቀልሽ በቀኙ ብቻ።

አንዷን ግን በምንም እንዳትተያት። ጥርስሽን ስትቦርሺ በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ። ሠላሳ ሰከንድ። መጀመሪያ ትንገዳገጃለሽ። ጅማት ሲጎዳ እግር የቆመበትን መሬት የሚያውቅበት ስሜት አብሮ ይደክማል። አንዴ ወለም ያለው ሰው ደጋግሞ ወለም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስሜቱን የሚመልሰው ደግሞ ይኼ መንገዳገድ ነው። ሲቀልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪው፤ መታጠቢያውን በእጅሽ ጫፍ ነካ አድርገሽ ያዢ።

ሲነጋጋ ውጪና ተራመጂ። ፈጠን ብለሽ፣ ማውራት እየቻልሽ መዝፈን እስኪያቅትሽ። ለግፊትሽ የሚያስፈልግሽ ሩጫ ብቻ አይደለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አምስት ቀን ማለት ነው። አንድ ዓመት የገነባሽው ትንፋሽም በጥቂት ሳምንታት አይጠፋም። ትንሽ ይቀንሳል፤ ሲመለስ ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ይመለሳል። የመብራት ምሰሶ የምትቆጥሪበት ዘመን አይመጣም።

ሩጫው የሚመለሰው ደግሞ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደልሽና ግማሽ ሰዓት ፈጥነሽ ተራምደሽ ማታ ካላበጠ፣ ጠዋትም ካልከበደሽ፣ አንድ ደቂቃ ሮጠሽ ሦስት ደቂቃ ተራመጂ። በሜዳ ላይ፣ በብርሃን። እሱ ሳያሳብጥሽ ካለፈ በየሁለት ቀኑ ሩጫውን ትንሽ ጨምሪ፣ እርምጃውን ቀንሺ። ማታ ካበጠ ወደ ቀደመው ተመለሺ፤ አትዘኚ፣ ራስሽንም አትሳደቢ። ጫማሽንም ገልብጠሽ እዪው። ሰልባጅ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት በአንድ ጎን በልቶት ሊሆን ይችላል። ሶሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ጫማ ለደህና እግርም አይሆንም።

ታላቁ ሩጫስ? አምስት ሳምንት ገደማ አለሽ። ውሳኔውን ዛሬ አትወስኚ፤ ቀን ቁረጪለት። ሩጫው አሥር ቀን ሲቀረው በቀኝ እግርሽ ብቻ አሥር ጊዜ ዝለይ። ሳያምሽና ሳትፈሪ ከዘለልሽ ቀስ ብለሽ ሩጪ። ካልሆነ ሂጂና ተራመጂ። 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲካሄድ ከፊት የሚሮጡት አትሌቶች ጥቂት ናቸው፤ ከኋላ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ የሚራመደው ሕዝብ ነው የሚበዛው። ማንም ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ ብሎ አይጠይቅሽም። አዲስ አበባ ከእናንተ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ስለምትል ትንፋሽም አያስቸግርሽም። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ዘንድሮ ተራመጂው። ሰው በተጨናነቀበት አስፋልት ላይ፣ ከፊትሽ ያለው ድንገት ቆሞ ሲጨፍር፣ ገና ያልጠና ቁርጭምጭሚት ይዞ መሮጥ ደስ አይለኝም። ቲሸርቱ እንደሆነ ያው ነው።

የቀረው ባለቤትሽ ነው። ክፉ ሰው አይደለም ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ግን አሁን የምትደብቂው እግርሽን ብቻ አይመስለኝም። ሩጫው ምን እንደሆነልሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? እሱ የሚያየው ሚስቱ በብርድ ወጥታ እያነከሰች ስትመለስ ነው። «አላልኩሽም» ያለው ንቀት ሊሆን ይችላል፤ ደንግጦ የሚለውን አጥቶም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እየደበቅሽው ግን ሊያግዝሽ አይችልም። እሑድ ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲወጡ፣ ቡናው ላይ እግርሽን አሳዪው። «አልዳነም፤ እንዳትስቅብኝ ፈርቼ ነው የደበቅኩህ» በይው። ቀጥለሽ የሰዓቷን ነገር ንገሪው። «ይህቺ ሰዓት ከሌለችኝ ቀኑን ሙሉ የማልጮኸው ጩኸት ማታ እናንተ ላይ ነው የሚወጣው» ብትይው ይገባዋል። ከሳቀም «ይኼ አያስቅም» ብሎ ማስቆም ይቻላል፤ ድምፅ ከፍ ማድረግም አያስፈልገውም። ከቻልሽ አንድ ነገር ጠይቂው፤ ሐኪም ቤት አብሮሽ እንዲሄድ። ወይም ቅዳሜ ጠዋት አብሮሽ እንዲራመድ። እምቢ ካለ እምቢ አለ። የአንቺ ሰዓት በእሱ ፈቃድ ላይ የቆመች አይደለችም፤ ግን ዕድሉን ስጪው።

ለቡድናችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ መልእክት ላኪላቸው። ሰበብ አትደርድሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። «እግሬ ስላልዳነ ለጥቂት ሳምንታት እራመዳለሁ። ሜዳው ላይ እንገናኝ፤ እናንተ ዙሩ፣ እኔ ከዳር እራመዳለሁ። በጨለማ በኮብልስቶኑ መውረዱንም ብንተወው ይሻላል» ብትያቸው ይበቃል። ከመካከላቸው ጉልበቱን እያመመው ዝም ያለ ሌላ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሐኪሙ ያለሽንና ግፊትሽ ስንት እንደሆነ ደግሞ ጻፊልኝ።